ጣናን በስንት ብሎክ እንሥራው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኦፕን ወርልድ ጌሞች ናቸው፤ ተጫዋቹ ሚሽኑን (የተሰጠውን ተልእኮ) ትቶ ደስ ባለው አቅጣጫ ስለሚሄድባቸው ሰፋፊ ጌሞች ማለት ነው። ዓመታቱን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሳን አንድሪያስን (ከጂቲኤ ጌሞች አንዱን) በፕሌይስቴሽን 2 ስጫወት አገር ያህል ነበር። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው መሄድ ብቻውን ትልቅ ጉዞ ነበር። አሁን የታደሰውን እትም ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ጠበበኝ። ካርታውን ቆርጠውታል ወይስ እኔ ነኝ ያደግሁት? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ካርታው አልተቆረጠም። በ2004 የወጣውም፣ በ2021 ታድሶ የቀረበውም ባሕሩን ጨምሮ 6 ኪሎ ሜትር በ6 ኪሎ ሜትር ነው፤ 36 ካሬ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አምስት እንዲህ ያለ ካርታ በተርታ ብትደረድር ከባሕር ዳር ተነስተህ ጢስ ዓባይ ላይ ያበቃልሃል። ጣና ላይ ብታነጥፈው ደግሞ ከ80 በላይ ይገባል። ያን ያህል ትንሽ ነገር አገር መስሎ የታየህ ሠሪዎቹ ድንበሩን በሦስት መንገድ ስለ ደበቁብህ ነው።

የመጀመሪያው ጭጋግ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 ያለው ዋና ሜሞሪ 32 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሦስት ከተማ ባንዴ መሸከም ስለማይችል ጌሙ ከዲስኩ የሚያነበው አጠገብህ ያለውን ነው፤ ሩቁን በጭጋግ ይሸፍነዋል። ቺሊያድ ተራራ ጫፍ ላይ ቆመህ ወደ ታች ስታይ የምታገኘው ከተማ ሳይሆን ግራጫ አየር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚሞላው ልብህ ነው። የ2021ዱ እትም መጀመሪያ ሲወጣ ጭጋጉ ተገፎ ከተሞቹ ከሩቅ መታየት ጀመሩ፤ ብዙ ተጫዋቾችም አንተ ያልኸውን አሉ፦ ጠበበ። ጭጋጉ ኋላ በመጣ ማሻሻያ ተመልሷል፤ ስለዚህ ጌምህ ካልታደሰ አድሰው፤ አሮጌው ስሜት በከፊል ይመለስልሃል።

ነገሩን ሐይቁ ዳር ቆመህ ማረጋገጥ ትችላለህ። ዓይኑ ከውሃው 1.7 ሜትር ከፍ ያለ ሰው ውሃው ከሰማይ ጋር ሲገናኝ የሚያይበት መስመር 4.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከዚያ በኋላ ምድር ስለምትጎብጥ ውሃው ይሰወራል። ዘጌን ከባሕር ዳር ስታያት የምታየው የደኑን ራስ ነው፤ የውሃዋ ዳር ከመስመሩ በታች ቀርቷል። ጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ 84 ኪሎ ሜትር ቢረዝምም ሰፊ የሚያስመስለው ያ የማይታየው ዳር ነው። የጌም መሬት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝርግ ስለሆነ አይጎብጥም፤ መሰወሩን የሚሠራው ጭጋግ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። በሳን አንድሪያስ የእኛ አንድ ሰከንድ የጌሙ አንድ ደቂቃ ነው፤ ሙሉ ቀን በ24 ደቂቃ ያልቃል። ከሎስ ሳንቶስ ከሰዓት በኋላ ወጥተህ ገጠሩን አቋርጠህ ላስ ቬንቹራስ የምትገባው የከተማው መብራት ሲበራ ነው። የነዳኸው ጥቂት ደቂቃ ሆኖ ሳለ የሚታወስህ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ስካይሪም (2011) ዝግ ይላል፤ የእኛ 1 ደቂቃ የእሱ 20 ደቂቃ ስለሆነ ቀኑ 72 ደቂቃ ይፈጃል። የጭነት መኪና የሚነዳበት ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 (2012) መንገዱንም ጭምር ያሳጥራል፤ ከከተማ ውጭ ያለው ካርታ በአብዛኛው በ1 ለ19 የተጨመቀ ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር ያለው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በዚያ ልክ ቢሠራ 9.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በ90 ብትነዳ 6 ደቂቃ ገደማ ነው።

ሦስተኛው መጋረጃ ነው፤ ኮረብታ፣ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ዋሻ። ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድን (2017) የሠሩት የኒንቴንዶ ባለሙያዎች መሬቱን የዘረጉት በሦስት ማዕዘን ቅርጾች እንደሆነ ራሳቸው አስረድተዋል። ጫፉ የሾለ ኮረብታ ከፊትህ ሲመጣ ሁለት ምርጫ ይሰጥሃል፦ መውጣት ወይም መዞር። በሁለቱም መንገድ ከኋላው ያለው ነገር ቀስ እያለ ይገለጥልሃል። ዳይሬክተሩ ሂዴማሮ ፉጂባያሺ ስፋቱን ሲመዝን የትውልድ ከተማውን የኪዮቶን ካርታ በጌሙ ላይ ደርቦ ነበር። በሚያውቀው ከተማ ከዚህ እዚያ መሄድ ምን ያህል እንደሚርቅ እግሩ ያውቃልና። በእኛ እምነት ካርታን ለመለካት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። የምትጫወተውን ጌም ስፋት ፈልገህ የባሕር ዳርን ካርታ ደርብበት፤ ቁጥሩ ያልነገረህን ርቀት ወዲያው ትረዳዋለህ።

አሁን ወደ ተግባሩ። መጀመሪያ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ካርታ አጥፋት። በሳን አንድሪያስ ከኦፕሽን ውስጥ ዲስፕሌይ ሴትአፕ ገብተህ ራዳር ሞድን ኦፍ ታደርጋለህ። በጂቲኤ 5 ከሴቲንግ ዲስፕሌይ ውስጥ ራዳርን ማጥፋት ነው። በብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ደግሞ ፕሮ የሚለውን የስክሪን ምርጫ ትወስዳለህ። ትንሿ ካርታ በርታ ሳለ ዓይንህ የሚነዳው እሷን ተከትሎ ነው፤ ከተማውን አሥር ጊዜ ብታልፍበትም አታውቀውም። አዲስ አካባቢ ስትገባ ከሁሉ በፊት ከፍታ ላይ ውጣ፤ ቤዛዊት ላይ የወጣ እንግዳ ከተማውን፣ ሐይቁንና ዓባይን በአንድ እይታ እንደሚለየው። ከዚያ ሦስት ምልክት ምረጥ፤ አንድ ግንብ፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ተራራ። ወደ እነሱ በዓይንህ እየተመራህ ሂድ፤ ያየኸውን በወረቀት ንደፍ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መሳሳት ይበዛል፤ በሦስተኛው ግን ወረቀቱን ሳታይ ትሄዳለህ። ፋስት ትራቭልን (በአንዴ ወደ ሌላ ቦታ መዝለልን) ቀድመህ በእግር ወይም በመኪና ላልደረስህበት ቦታ አትጠቀምበት።

ብዙዎች ደስታውን የሚያጡት ሁሉን ልሰብስብ ሲሉ ነው። በብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ 900 የኮሮክ ፍሬ ተበትኗል። የዕቃ መያዣህን እስከ መጨረሻው ለማስፋት የሚበቃህ ግን 441 ነው፤ ቀሪው የሚያስገኘው በጨዋታው ላይ ለውጥ የማያመጣ ማስታወሻ ነው። በሳን አንድሪያስም 100 የግድግዳ ጽሑፍ፣ 50 የፈረስ ጫማ፣ 50 ኦይስተርና 50 ፎቶ አለ፤ ስትዘዋወር ያገኘኸውን ውሰድ እንጂ ዝርዝር ይዘህ አታሳድ። ሳይከፈትልህም ከሎስ ሳንቶስ አትውጣ፤ ድልድዩን እንደተሻገርህ አራት ኮከብ ፖሊስ (ኮከብ በበዛ ቁጥር ፖሊሱ ይበረታል) ይከተልሃል። ያ እገዳ የመጀመሪያውን ከተማ በደንብ እንድታውቀው ያደረገ ስለሆነ ለእኛ ከጌሙ ጥሩ ሐሳቦች አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጣናን ከነደሴቶቹ ብሎክ እየደረደሩ በሚገነቡበት ጌም በማይንክራፍት መሥራት ጀምሬ አንድ ብሎክ አንድ ሜትር ብዬ ስለተነሣሁ ገና አንዱ ዳር ላይ ነኝ። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም አለው። እንዴት ብሠራው ያልቃል? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ ሐሳብሽ ግሩም ነው፤ ችግሩ ልኬቱ ላይ ነው። ማይንክራፍት ለቦታ አይቸገርም፤ ዓለሙ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 60 ሚሊዮን ብሎክ ይሰፋል። የሚቸገረው ላፕቶፕሽ ነው። ጌሙ ዓለሙን የሚያስቀምጠው 512 በ512 ብሎክ በሚይዙ ፋይሎች ነው። 84 በ66 ኪሎ ሜትር የሆነው የጣና ክልል ሜትር በሜትር ቢሠራ ከ21,000 በላይ ፋይል ይወጣዋል። በ1 ለ30 ብትሠሪው ግን 2,800 በ2,200 ብሎክ ይሆናል፤ 30 ፋይል ይበቃዋል።

1 ለ30ን የመረጥነው በሌላም ምክንያት ነው። ናሳ በየካቲት 2000 ከጠፈር መንኮራኩር የለካው ኤስአርቲኤም የሚባል የመሬት ከፍታ መረጃ በነፃ ይገኛል፤ በመረጃው አንዱ ነጥብ መሬት ላይ 30 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ነጥብ አንድ ብሎክ ይሆንልሻል። የሚያስፈልጉሽ ሁለት ቁራጮች ናቸው፦ ሰሜን 11 ምሥራቅ 37 እና ሰሜን 12 ምሥራቅ 37። ሁለቱን ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አጋጥመሽ ሐይቁንና ዙሪያውን ቁረጪ፤ ከዚያ ባለ 16 ቢት ጥቁርና ነጭ ምስል አድርገሽ አውጪው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 8 ቢት ከሆነ ምስሉ የሚይዘው 256 የከፍታ ደረጃ ብቻ ስለሆነ ኮረብታው ሁሉ እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ይወጣል።

ምስሉን ወርልድፔይንተር ለሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስትሰጪው የትኛው ከፍታ የትኛው ብሎክ እንደሚሆን ይጠይቅሻል። የሐይቁ ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ስለሆነ እሱን 62 ላይ አኑሪው፤ የማይንክራፍት ውሃ የሚቆመው እዚያ ነው። 2,786 ሜትርን ደግሞ 162 ላይ። ይህ ማለት ወርዱ በ1 ለ30፣ ቁመቱ በ1 ለ10 ነው። ቁመቱንም በ1 ለ30 ከሠራሽው ትንንሽ ኮረብቶች ሁለት ሦስት ብሎክ ብቻ ሆነው መሬቱ ሰሌዳ ይመስላል። የጌሙ ጣሪያ 320 ስለሆነ ቦታ አያጥርሽም።

የሐይቁን ወለል ግን ራስሽ መቆፈር አለብሽ። ራዳሩ ውሃ ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ በመረጃው ጣና እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ነው። ጥልቀቱ በጣም በጠለቀበት 14 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1 ለ10 ቢሆን እንኳ ከአንድ ብሎክ ተኩል አያልፍም። ዳር ዳሩን 1፣ መሐሉን 4 ብሎክ አድርጊው፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ውሃው ኩሬ ይመስላል። ለደንገል ሸንኮራ አገዳውን ተጠቀሚ። ከውሃ አጠገብ ካልተተከለ አይበቅልም፤ ቁመቱም በራሱ 3 ብሎክ ላይ ይቆማል፤ ለታንኳ ዳር የሚስማማ ሌላ ተክል ጌሙ ውስጥ አላገኘንም።

ደሴቶቹ ላይ ሌላ ችግር ይመጣል። 300 ሜትር የምትሰፋ ደሴት 10 ብሎክ ብቻ ናት፤ ደንና ቤተ ክርስቲያን አይበቃባትም። ስለዚህ በትልቁ ካርታ ላይ ቅርጿን ብቻ አስቀምጪ፤ ገዳሙን ከካርታው ውጭ በሌላ ሥፍራ ሜትር በሜትር ሥሪና በቴሌፖርት ትእዛዝ አገናኚያቸው። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለ ክብ ቤተ ክርስቲያን ስትሠሪ የክቡን ስፋት ጎዶሎ ቁጥር አድርጊው፤ 31 ወይም 33። ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር ከሆነ መሐሉ ላይ ብሎክ አይኖርም፤ የጣሪያው ጫፍም ይንጋደዳል። ውጪው ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሐሉ መቅደስ ነው፤ መቅደሱ አራት ማዕዘን መሆኑን አትርሺ።

በመጨረሻ ሬንደር ዲስታንሱን (ጌሙ የሚያሳይሽን ርቀት) 10 ቻንክ አድርጊው። 10 ቻንክ 160 ብሎክ ነው፤ በልኬትሽ 4.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ ሐይቁ ዳር የቆመ ሰው ዓይን ከሚደርስበት ርቀት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ለላፕቶፕሽም ይቀለዋል፤ ከጎርጎራ በጀልባ ስትነሺም ጣና ልክ ከዳር ቆመሽ እንደምታይው ማዶው ሳይታይ ይቀርባል። የጌሙ ጀልባ በሰከንድ 8 ብሎክ ስለሚሄድ ባሕር ዳር ለመድረስ 5 ደቂቃ ገደማ ይበቃሻል። ሥራውን በየቀኑ ኤዲት ከሚለው ውስጥ ሜክ ባክአፕ እያልሽ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄን ተነሥ ስለው «አሁን ካጠፋሁት ሁሉም ይጠፋል» ይለኛል። እውነቱን ነው? ደግሞስ ይህ ጌም መጨረሻ የለውም? (አንዲት እናት፣ ፋሲሎ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ እንደ ጌሙ ነው፤ አንዳንዴ እውነቱን ነው። የ2004ቱ ሳን አንድሪያስ የሚቀመጠው ቤት ውስጥ ባለው የሴቭ ምልክት ላይ ሲቆም ብቻ ነው፤ ሚሽን መሐል ቢያጠፋው የሠራው ይጠፋል። ማይንክራፍት ግን ራሱ እያስቀመጠ ይሄዳል፤ ከሜኑው ገብቶ ሲወጣ ምንም አይጎድልበትም። ስለዚህ በድንገት ከማጥፋት ይልቅ ከ15 ደቂቃ በፊት «አዲስ ሚሽን አትጀምር» ይበሉት፤ ያኔ ምክንያት አይኖረውም።

የታሪኩ መጨረሻ አለ፤ ዓለሙ ግን ከታሪኩ በኋላም ክፍት ሆኖ ይቀጥላል፤ ስለዚህ «ሲያልቅ ይነሣል» ብለው አይጠብቁ። ገደቡ ከእርስዎ ይምጣ፤ በጌሙ ቀን ቢቆጥሩለት ይቀለዋል። በማይንክራፍት አንድ ቀን 20 ደቂቃ ነው፤ አራት ቀን ቢሉት 80 ደቂቃ መሆኑን ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ከዚህ በላይ የምናሳስብዎ የጌሙን ዓይነት ነው። ሳን አንድሪያስ፣ ጂቲኤ 5 እና ሬድ ዴድ ሪደምሽን 2 በአውሮፓ ምደባ ለ18 ዓመትና በላይ የተፈቀዱ ናቸው፤ ለ13 ዓመት ልጅ አይሆኑም። ሰፊ ዓለም ከሆነ የሚወደው፣ ማይንክራፍት ለ7፣ ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ለ3 ዓመትና በላይ ተመድበዋል።

ጥያቄ፦ መብራት በጠፋ ቁጥር ሴቭ ይበላሽብኛል። (ከሐሙሲት)

መልስ፦ ሴቭ የሚበላሸው ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ መብራት ሲቋረጥ ነው፤ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ቦታ ደጋግመህ አትጻፍበት። ሳን አንድሪያስ 8 ቦታ አለው፤ ቢያንስ ሦስቱን እያፈራረቅህ ተጠቀም፤ የመጨረሻው ቢበላሽ ከእሱ በፊት ያለው ይተርፋል። በስካይሪም ዶኩመንትስ ውስጥ ማይ ጌምስ፣ ስካይሪም፣ ሴቭስ የሚለውን ፎልደር በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ ገልብጥ። ጌም ቤት በፕሌይስቴሽን 2 የምትጫወት ከሆነ የራስህን ባለ 8 ሜጋባይት ሜሞሪ ካርድ ይዘህ ሂድ፤ በጋራ ካርድ ላይ ሌላ ሰው ሳያውቅ ይጽፍበታል። ሴቭ እያደረገ ካርዱን አትንቀል። መብራት ሲመለስም ኮምፒውተሩን ወዲያው አትሰካ፤ ጥቂት ደቂቃ እስኪረጋ ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ከሁሉም ትልቁ የጌም ዓለም የትኛው ነው? ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው። (ከደልጊ)

መልስ፦ በቁጥር ከሆነ ኖ ማንስ ስካይ (2016) ከ18 ኩዊንቲሊየን በላይ ፕላኔት አለው፤ 2 በራሱ 64 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። ይህን ማንም በእጁ አልሠራውም፤ ፕሮግራሙ ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነሥቶ ተራራውንም ሣሩንም ያሰላዋል። ዘዴው አዲስ አይደለም። ኢላይት (1984) 8 ጋላክሲ፣ በእያንዳንዱ 256 የኮከብ ሥርዓት 32 ኪሎባይት ሜሞሪ ባለው ኮምፒውተር ላይ አስገብቷል። ላንተ የምንመክርህ ዳገርፎልን (1996) ነው፤ በነፃ ይገኛል፤ ዳገርፎል ዩኒቲ በሚባለው ነፃ እትም በዛሬ ኮምፒውተር ይሠራል። ከ15,000 በላይ ከተማ፣ መንደርና ዋሻ አለው። ግን በእግር አገር ላቋርጥ አትበል፤ በሁለት ከተማ መካከል ያለው መሬት ባዶ ነው። ዋሻዎቹም እጅግ ስለሚወሳሰቡ ከመግባትህ በፊት ሪኮል የሚባለውን አስማት ተማር፤ በር ላይ ምልክት ጥለህ ስትገባ መውጫ አይጠፋህም።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ተነሥቼ በጣና ላይ መብረር እፈልጋለሁ። ኢንተርኔቴ ደካማ ነው። (ከዘጌ)

መልስ፦ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር (2020) የመሬቱን ምስል እየበረርህ ሳለ ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ ላንተ አይሆንም። ፍላይትጊር የሚባለው የበረራ ጌም ግን ነፃ ነው፤ መሬቱንም አስቀድመህ ማውረድ ትችላለህ። ካርታው በ10 ዲግሪ ቁራጭ ተከፍሏል፤ ባሕር ዳርም ጎንደርም ምሥራቅ 30 ሰሜን 10 በሚለው ውስጥ ናቸው። የዋይፋይ መልካም ሰዓት ስታገኝ እሱን ብቻ አውርድ። አዲስ አበባ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሆነች በዚህ ውስጥ የለችም። ቁራጩ በትክክል ካልገባ ፍላይትጊር መሬት ባጣበት ሁሉ ባሕር ይስላል፤ በሁሉም አቅጣጫ ውሃ ብቻ ካየህ ጣና ሞልቶ ሳይሆን ፎልደሩን ስላልጠቆምኸው ነው።

የአውሮፕላን ማረፊያው መለያ ኤች ኤ ቢ ዲ ነው። ሴስና 172 የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን ምረጥ። መሬት ላይ ቆመህ የከፍታ መለኪያው 6,000 ጫማ ገደማ ቢያሳይ አልተበላሸም፤ ባሕር ዳር እዚያ ከፍታ ላይ ናት። አብዛኛው ጀማሪ እዚህ ይቸገራል፦ አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛና ሞተሩ ያቅተዋል። ፍሬን ይዘህ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ስጥ፤ ቀዩን የነዳጅ መቆጣጠሪያ ቀስ እያልህ ወደ ኋላ ሳብ፤ የሞተሩ ዙር ከፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ትንሽ መልሰህ ግፋው። ፍሬኑን ከለቀቅህ በኋላም ከባሕር ጠረፍ ከምትነሣው ይልቅ ብዙ መንደርደር እንደሚያስፈልግ ጠብቅ፤ መሪውን ፍጥነቱ 55 ኖት (በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሳይደርስ አትሳብ።

8,500 ጫማ ላይ ስትደርስ ሰሜንን ያዝ። ደቅ በግራህ ታልፋለች፤ ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ጎርጎራ ላይ ነህ። ጎርጎራ ማረፊያ የለም፤ ጥቂት ወደ ምሥራቅ አዘንብለህ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጨምር የጎንደርን ታገኛለህ፤ መለያው ኤች ኤ ጂ ኤን ነው። ሜዳው ከባሕር ዳር ይልቅ ከፍ ስለሚል፣ 6,500 ጫማ ገደማ፣ የሐይቁን ሰሜናዊ ዳር እንዳለፍህ መውረድ ጀምር፤ ወደ ማረፊያው ስትቃረብ ቀዩን መቆጣጠሪያ ሙሉ በሙሉ አትግፋው፤ ለባሕር ዳር ባገኘኸው ልክ ተወው።